ማሽኑ ከመነቅነቁ በፊት

የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ «ድመቱ» ይሉታል። ዕድሜውን እርብራብ ላይ ቆሞ የፎቅ ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ዓምና የቆሙበት ጣውላ ተሰብሮ ከታላቅ ወንድሙ ጋር አብረው ሲወድቁ፣ ታላቁ እዚያው ቀረ፤ እሱ እግሩን ተሰብሮ ተረፈ። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ብለው ስም አወጡለት። ቀልዱስ ባልከፋ፤ ለእሱ ግን አንዷ ነፍስ እንኳ ከብዳዋለች።

እግሩ ድኗል። ፎርማኑ ግን «የሰውነት ሚዛን ምርመራ ወረቀት ሳታመጣ ላይ አትወጣም» ብሎ ከታች ቀለም እንዲበጠብጥ አስቀመጠው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የባሰ ሞት የለም። ሚስቱም «ውጣም ውረድም፣ ብቻ ቤት ውስጥ አትነጫነጭብኝ» ብላ ወደ ሆስፒታል ሸኘችው።

የምርመራው ክፍል መስኮት የለውም። መሃሉ ላይ ስፖርት ቤት እንዳለው ዓይነት መሮጫ ማሽን ተቀምጧል፤ ከሚሽከረከረው መራመጃ ጎማ ሥር ግን የሰው ክብደት ወዴት እንዳደላ የሚለካ ብረት አለ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ከጣሪያ የወረደ ማሰሪያ ደረቱ ላይ አጠበቀችለት።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይራመዱ። ድንገት ይነቀንቅዎታል። መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ራሱ ነው የሚመርጠው።»

ትንሽ እንደተራመደ ከጀርባው «ያዝ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ታላቁ ጣውላው ላይ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር፣ ታናሹ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ እንዲጠብቀው። ልማድ ነውና ሰበር አደረገ። ወዲያው ጎማው ተነቀነቀ፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም። ዞሮ ቢያይ ከነጭ ግድግዳ በቀር ምንም የለም።

ደግሞ «ያዝ!» አለው። ደግሞ ተነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ማን ነው ሹክ የሚልዎት?» ባለሙያዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ስክሪኑን ስታይ ጠፋ። «ክብደትዎ የሚዞረው ማሽኑ ከመነቅነቁ በፊት ነው። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«የሥራ ልምድ ነው» አለ። ፈርቷል። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ደስታው በለጠ፤ ዓመት ሙሉ የናፈቀው ድምፅ ነው።

«በቃ፣ የመጨረሻው ዙር» አለች።

ድምፁ ዘገየ። ሲመጣም ከጀርባ አልነበረም፤ ከፊት ለፊት፣ ዝግ ብሎ፣ ለምሳ እንደሚጠራ ሰው።

«ና» አለው።

ማሽኑ አልተነቀነቀም። ድመቱ ግን መላ ሰውነቱን ወደፊት ሰጠ፤ እግሩን ከጎማው ጫፍ አሳልፎ ባዶው ላይ አሳረፈ። ማሰሪያው አየር ላይ አንጠለጠለው።

ባለሙያዋ ሮጣ አወረደችው። «አይዞዎት፣ አንዴ ነው የሳቱት። የቀረው ከእኔም ይሻላል፤ አልፈዋል ብዬ እፈርማለሁ።»

«አትፈርሚ፣ ልጄ።»

«ለምን? ሚዛንዎ እኮ ደህና ነው!»

«ሚዛኔስ ደህና ነው» አለ፣ ማሰሪያውን እየፈታ። «ወንድሜ ሲጠራኝ ግን እምቢ ብዬው አላውቅም።»