የጎደለውን ረድፍ የሞሉት ሐጂ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ስለ እኛ መሆኑን ያወቅሁት ሦስተኛ ዓመት ከገባች በኋላ ነው። ምን እንደምትማር ስጠይቃት፣ «ባህሉም ሃይማኖቱም የተለያየ ሕዝብ አብሮ ስለ መኖሩ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ብሔራዊ ማንነት» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ዛሬ ከሐይቅ ከተማ ተነሥቼ አርዲቦ ዘመድ ልጠይቅ እሄዳለሁ፣ ነገ አምባሰል ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ከማንም ቤት ሳልበላ አልወጣም። ይህ ሁሉ ትምህርት መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ይሄኔ ተመርቄ ነበር።

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። «ልጄ ስትመረቅ ጠቅልዬ እገባለሁ» ብላናለች። ልጅቷ ካልተመረቀች እናቷ ሌላ ዓመት እዚያው ልትቆይ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ለመመረቂያ ጥናቷ እርዳታ ስትጠይቀኝ፣ የከተማችንን ሐይቅ ቅጂልኝ ብትለኝም እምቢ አልልም ነበር።

የጠየቀችኝ ግን ቀላል ነው። «እማማ፣ ስድስት ሙስሊም፣ ስድስት ክርስቲያን ሰብስቢልኝ። ለየብቻ ተቀምጠው ይወያያሉ። መምህሬ ራሱ መጥቶ ያያል።»

ሰው መሰብሰብ ለእኔ ምን ቁም ነገር ነው። ለቀብርም ለሠርግም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቆምበት ቅሬ አለን፤ የቅሬውን ወንበር ተውሼ ግቢዬ ውስጥ በሁለት ረድፍ ደረደርኩት። ለምሳ ዓሣ መጥበስ ያዝኩ። ሥጋ ቢሆን የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ድስት መጣድ ሊኖርብኝ ነው። ዓሣን ማንም አይባርከውም፣ ሁሉም ይበላዋል።

ሁሉን አስቤ የግሸንን ንግሥ ረሳሁት። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቼ በየአውቶቡሱ ተሳፍረው ሄደዋል። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤቴና ባጃጁ የተበላሸበት ጎልማሳ። የሙስሊሙ ረድፍ ግን ሞልቶ ሰው ቆሟል።

ልጅቷ መምህሯን ልትቀበል መናኸሪያ ሄዳለች። የሟቹ ባለቤቴ ወዳጅ የነበሩት ሐጂ ባዶውን ረድፍ አዩና፣ «ክርስቲያኖቹ ጎደሉ?» አሉኝ።

«ግሸን ናቸው።»

«እና እነሱ በሌሉበት ማን ሊቆምላቸው ነው?» ብለው ተነሡና ወዲያ ማዶ ሄደው ተቀመጡ። ሦስት ሰዎች ተከተሏቸው።

«ሐጂ፣ ቆብዎን እንኳ ያውልቁ እንጂ» አለቻቸው ጉልበቷን የሚያማት።

«ራሴን ብርድ ቢመታኝ አንቺ ታስታምሚኛለሽ?» አሉ፤ ግን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

የልጅ ልጄ ከመምህሯ ጋር ስትገባ ሐጂን የት ቦታ እንዳየቻቸው ፊቷ ነገረኝ። ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ዓሣዬ አየሁ። መምህሩ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ሁሉንም እጅ ነሥቶ መቅረጫውን ከፈተና ከክርስቲያኖቹ ረድፍ ጀመረ።

«በጾም ጊዜ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር እንዴት ናችሁ?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በጣም ደኅና ነን። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱን ለእነሱ እንሰጣለን። አንድም ቀን አስቀርተን አናውቅም።»

ጎረቤቴ ይህን መታገሥ አልቻለችም። «የትኛውን ወተት ነው የሰጡት ሐጂ? ሁዳዴን ሙሉ ወተት ያጠጣሁዎ እኔ አይደለሁም? ማሰሮዬንም እስከ ዛሬ አልመለሱም።»

መምህሩ «ሐጂ?» አለ።

ወዲያው የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን አለ፤ ከክርስቲያኖቹ ረድፍ አራቱ ለሶላት ውዱእ ሊታጠቡ ተነሡ።

መምህሩ መቅረጫውን ዘጋ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። «ይሄ ጥናት አይሆንም። ሌላ ቀን እንደገና ይሠራ» አላት። ሌላ ቀን የላትም፤ ማስረከቢያው ደርሷል። እንባዋ ሲመጣ ያየሁት እኔ ጅዳ ያለችውን ልጄን አሰብኩ፤ ዓሣውም አረረብኝ።

ሐጂ ሰግደው ጢማቸው እንደረጠበ ተመለሱና ነገሩን ሰሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን ተዋት» አሉት። «ጎደሉ ሲባል ሞላሁ። ቅሬም ላይ እንዲሁ ነው የምናደርገው። አምና ወንድሜን ስንቀብር የቆፈሩት ክርስቲያኖቹ ናቸው። እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብደኛል?»

የልጅ ልጄ እንባዋን በነጠላዬ ጠረገች። «መምህር፣ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው?»

«ሁለት ቡድን አልነበረም ብለሽ?»

«ነበረ ብዬ። ሰዎቹ ግን እንዳስቀመጥኳቸው አልተቀመጡም፤ ለምን እንዳልተቀመጡም እጠይቃቸዋለሁ።»

መምህሩ ያላረረውን ዓሣ መርጬ ሰጠሁት፤ እሾሁን እየለቀመ ብዙ አሰበ። «ጻፊው» አለ በመጨረሻ። «ያልፋል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። የወተቱንም ነገር አጣሪ።»

የዚያን ቀን እስከ ማታ ሰዎቹ ስለ ወተቱ ሲጨቃጨቁ ልጅቷ ቀረጸች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ ሐጂን ከሰሳቸው።

ከዚያ በኋላ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ያቀረበችበት ቀን ደረሰ። እኔ እግሬ አላርፍ ብሎ ሐይቅ ከተማን ስዞር ዋልኩ፤ ስልክ ስትደውልልኝ ዓሣ ተራ ነበርኩ። አልፋለች። ፈታኞቹ እንዲህ ያለ ዘዴ የለም ብለው ብዙ ቢያስጨንቋትም አልፋለች።

ወዲያው ጅዳ ደወልኩ። ልጄ ገና ሰላም ሳትለኝ «አለፈች?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለፈች።»

ከወዲያ የእቃ ማጠቢያ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ከዚያ ውኃው ተዘጋ።

«እንግዲያ ሻንጣ ልግዛ» አለች።