ሁለት መቶ ሚሊዮን ጠብታ

ቡይት ራስ ያለ አንድ ሎጅ የውኃ ጠባቂ ይፈልግ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ። ከደባርቅ በእግር ወጥተን የቀረብነው ግን ሁለት ነበርን። እኔ ሂሳብ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። እሱ የዳባት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። የሎጁ ባለቤት ገና ሲያዩት «ና ግባ ኢንጂነር!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተም ና» አሉኝ። ያቺ «አንተም» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሥር ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ በየሳምንቱ ባዶ ይሆንባቸዋል። የጠረጠሩት የጓሮውን ቧንቧ ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ይጥላል።

«ይሄ ብቻውን ሮቶውን በስንት ቀን ይጨርሰዋል? እስቲ አስሉልኝ» አሉ።

መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዤ ነበር። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ሚሊ ሊትር የሞላው በሃያ ጠብታ ነው። አንዱ ጠብታ 5 × 10⁻⁵ ሊትር መሆኑ ነው። ምሩቁ ቁጥሩን ከእኔ ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ። እጁ ፈጣን፣ ጽሕፈቱም ያማረ ነው፤ ቀናሁበት።

10⁴ን ለ5 × 10⁻⁵ ሲያካፍል ግን፣ ከአሥሮቹ ራስ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ሲቀናንስ ኔጌቲቯን ረሳት። ከአራት ላይ ኔጌቲቭ አምስት ሲቀነስ ዘጠኝ ነው፤ እሱ ኔጌቲቭ አንድ ብሎ ጻፈ። አየሁ። ዝም አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ በእኔ ሂሳብ ሙሉው ሮቶ አንዲት ጠብታ እንኳ የለውም!» ብሎ ራሱ ሳቀ። «አንተ ዝምተኛው፣ የት ጋ ነው የሳትኩት?»

ሳልፈልግ፣ በቀጥታ ጣቴን ስህተቱ ላይ አሳረፍኩ። «ሁለት መቶ ሚሊዮን ጠብታ ነው» አልኩ። «አንድ ቀን ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰከንድ አለው። ስናካፍለው ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ጋሼ፣ ውኃው የሚፈሰው ሌላ ቦታ ነው።»

ጋሼ የሚያዩት ወረቀቱን ሳይሆን ጣቴን ነበር።

«ሲጽፈው አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ።

«ሂሳብህስ ልክ ነው» አሉ። «ግን ሲፈስ አይቶ ዝም የሚል ጠባቂ ምን ያደርግልኛል?»

ሥራው የእሱ ሆነ። ቁልቁለቱን ስጀምር ከኋላዬ እየሮጠ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሲሪንጅህን ረሳኸው!»

ለሥራህ ይሁንህ ልለው ይገባ ነበር። ተቀብዬው ወደ ደባርቅ ወረድኩ።