የኛቹዎል ሰፊ ቱቦ

ኛቹዎል ብዙ ወሬ አትወድም። አማርኛውን የለመደችው ገበያ ላይ ባምያ ስትሸጥ ነው፤ ከዋጋና ከሰላምታ ካለፈባት አንገቷን ትደፋለች። ያደገችው በኢታንግ በኩል ነው፣ ከከብት ጋር። ባሏ በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ጥበቃ ሆኖ ከገባ ወዲህ ጋምቤላ ከተማ ተቀምጣ፣ ባሮ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ባምያ ትተክላለች። የልጆቿ ልብስም ደብተርም ከዚያው ነው።

ዳርቻው ላይ የሚያለሙት ሴቶች ውኃ የሚስቡት በባለሱቁ በሙሐመድአሚን ሞተር ነው። ሞተሩን እሱ ራሱ ያስነሳል፣ ሌላ ሰው አያስነካም። ተራ የሚለካው ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በሃይላንድ ነው። እያንዳንዷ በአንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቤንዚን ይዛ ትመጣለች፤ እሱ አለቀ ማለት ተራዋ አለቀ ማለት ነው። አንዴ የተነሳ ሞተር ቤንዚኑን ሳይጨርስ አጥፋ የሚል የለም፣ ነውር ነው። ሌሎቹ ቆመው እየጠበቁ ነዋ። ተራ ካመለጠ እንግዲህ ሌላው እስኪደርስ ሳምንት ሊሞላው ነው። በዚያ ፀሐይ ችግኝ ሳምንት አይችልም።

ባለፈው በጋ ባሏ ከሥራ ቦታው አስፈቅዶ ክንድ የሚያህል ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ አመጣላት። መንገዱ ከሰፋ ውኃው ይበዛል አለች በልቧ። የሞተሩ ቀጭን የውኃ ጎማ ጫፍ ላይ ቀጠለችው፤ በላስቲክ ጠመጠመችው፣ በሽቦም አሰረችው። ሙሐመድአሚን ቤንዚኗን ሞልቶ ሞተሩን አስነሳ።

ድሮ በቀጭኑ ጎማ ሲሆን አንድ ቦታ ቆማ፣ አፉን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ ውኃውን እስከ ላይኛው መደብ ትወረውረው ነበር። አሁን ከሰፊው ቱቦ የወጣው ውኃ ግን እግሯ ሥር ዝርግፍ ብሎ ቀረ። መወርወር ቀርቶ አንድ እርምጃ አልዘለለም። ላይኛው መደብ ላይ የባምያው ቅጠል ጠውልጎ ተኝቷል።

ከእሷ ቀጥሎ ባለተራዋ የመምህሩ ሚስት ጽጌ ናት። ምላሷ ቁጭ አይልም።

“ሙሐመድአሚን፣ ሞተርህ ጾም ያዘ እንዴ?”

“ቢይዝም ካንቺ ይሻላል፣ እሱ ሲጾም አያወራም።”

“እኔ እንጃ፣ ውኃው ደክሟል። የዚችን ልጅ ባምያ ልትገድልባት ነው።”

ሞተሩ ሲነካበት ደሙ የሚፈላው ሙሐመድአሚን ጀሪካን አንስቶ መጣ። መጀመሪያ በሰፊው ቱቦ ሞላው፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። ቱቦውን ፈታና በቀጭኑ ጎማ ሞላው፣ አሁንም እየቆጠረ። እኩል ሆነ።

“ይኸው! ያው ውኃ ነው። የኔ ሞተር ምን አደረገ?”

“ታዲያ ለምን አይሄድም?”

“እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ እሱን ባልሽን ጠይቂው፣ መምህሩን።”

እነሱ ሲጨቃጨቁ ሞተሩ እየሠራ ነው። ኛቹዎል ዓይኗ ቤንዚኑ ላይ ነው፤ ግማሹ የለም። ከዚያ ወንዙን አየች። ባሮ ዳርና ዳሩ በተጠጋበት ይሮጣል፣ በተንጣለለበት የቆመ ይመስላል። ውኃው ግን አልጎደለም። የሷም እንደዚያው ነው ማለት ነው። ቱቦው ውስጥ ሰፊ ቦታ አገኘና ቀስ አለ። ቀስ ያለ ውኃ አይወረወርም፣ ይመራል እንጂ። በቀጭኑ ጎማ ልወርውር ብትል ደግሞ ጉልበቱ የጠወለገውን ባምያ ሥር ይገልጥባታል። ለመምራት ደግሞ ቦይ ያስፈልጋል፤ ቦይ እስክትቆፍር ቤንዚኑ ያልቃል።

ጽጌ ቆማ ትጠብቃለች።

“ሙሐመድአሚን፣ አጥፋ” አለች።

“ምን?”

“ሞተር አጥፋ። እኔ ቦይ ቆፍር፣ ከዚያ አንተ አስነሳ።”

ሙሐመድአሚን ጽጌን አየ። ጽጌ ፀሐዩን አየች፣ ቀጥላ የተኛውን ባምያ።

“አጥፋላት እንጂ፣ ምን ትገትረኛለህ?” አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ኛቹዎል ጎንበስ ብላ ቆፈረች። ላይኛውን መደብ በመስመር በመስመር ከፈለችው፣ የተፈታውን ቱቦ ጎማው ላይ መልሳ አሰረችው፣ ሁለቱንም ጎትታ የቱቦውን አፍ መደቡ ራስ ላይ አስተኛችው። ሞተሩ ሲነሳ ውኃው ዝግ ብሎ ወጣ፣ ቦዩን ይዞ ወረደ። ድሮ ስትወረውረው ሥሩ ላይ ያለውን አፈር ይጠርገው ነበር፣ አሁን ግን አልነካውም። በእግሯ አንዱን ቦይ ትዘጋለች፣ ሌላውን ትከፍታለች።

ቤንዚኑ ያለቀው ሦስት መስመር ሲቀር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ጽጌ ተነሥታ የራሷን ሃይላንድ ለሙሐመድአሚን ሰጠችው። ኛቹዎል ጀሪካኑን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች። ሦስቱን መስመር ተመላልሳ በእጇ አጠጣችው።