የብርነሽ የፊት ፍሬን

ጋሽ አረጋዊ ሳይክል ጠጋኝ ናቸው። እኔ ጀሚላ እባላለሁ፤ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰውዬው ጥንቃቄያቸው ያናድዳል። አንዲት ጎማ እስኪቀይሩ ደንበኛው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ከፈቱት ዕቃ ደግሞ ሮንዴላ እንኳ አያስቀሩም፤ አሮጌውን ሁሉ በፌስታል ቋጥረው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። መካኒክ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ያስቀራል እየተባለ ስለሚታማ ፌስታሏ የክብራቸው ጉዳይ ናት።

ብርነሽን ሳይክል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ካዛንቺስ ጎረቤታሞች ነበሩ። አባቷ ሲሞት ከዚህም ከዚያም ገጣጥመው አንድ ሳይክል ሠሩላት። አሁን በዚያው ሳይክል ዕቃ እያደረሰች እናቷን ታስተዳድራለች። ካዛንቺስ የነበረው የእነ ብርነሽ ቤት ሲፈርስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ተከራዩ። ታዲያ ያንን ቁልቁለት ዕቃ ተሸክማ ስትወርድ የፊት ፍሬኗ እየጋለ አልይዝ አላት።

«ትልቅ ዲስክ ነው የሚያስፈልግሽ» አሏት። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ አገላብጠው፣ እስከ ስንት እንደሚችል የተጻፈበትን ቁጥር በመነጽር አነበቡና ዲስኩ ከመቶ ስልሳ ወደ መቶ ሰማንያ ሚሊሜትር እንዲያድግ ወሰኑ። ዲስኩ ሲሰፋ እሱን ነክሶ የሚያቆመው ካሊፐርም ከፍ ማለት አለበት። ከሥሩ ቁራጭ ብረት ይገባል፤ አጫጭሮቹ ብሎኖችም ወጥተው ረጃጅሞች ይተካሉ። ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች ላንቻ ድረስ ሄደው መርጠው አመጡ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እኔ ጉዴ ፈላ። ማሽኔ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሎኝ፣ ደንበኛም አፍጥጦብኝ፣ «ጋሽ አረጋዊ ይድረሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። መጥተው አወጡልኝ፣ ተመለሱ። ብርነሽ ፈረንሳይ የምታደርሰው ዕቃ ነበራትና ትቸኩላለች። አሰሩ፣ አጠበቁ፣ ፌስታሏን ቋጥረው ሰጧት። በሰፈሩ አንዴ ዞራ፣ «ፓ! ጋሼ፣ ቀጥ ነው የሚያደርገው በቃ!» ብላ ሄደች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ሻይ ይዤላቸው ስገባ የሌላ ሰው ሳይክል ላይ ብሎን እያሰሩ ነበር። ዙሩን በለሆሳስ ይቆጥራሉ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ድንገት እጃቸው ቆመ።

«የብርነሽን ሦስት ዙር ነው ያዞርኩት» አሉ።

አልገባኝም። ጠረጴዛውን አዩ፣ ወለሉን ዳበሱ። ምንም የለም።

«ጀሚላ፣ አጫጭሮቹን መልሼ አስሬባታለሁ። አዲሶቹን ፌስታል ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የአጫጭሮቹ ጫፍ ብቻ ነው የያዘው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ይነቀላል።»

ደወልን። ይጠራል፣ አይነሳም። ስትነዳ ስልኳን አታነሳም፤ ይህንንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። መልእክት ላክሁ። እንደገና ደወልን። መፍቻቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆሙ። «ዳገት እየወጣች ከሆነ ደህና ናት፤ መውረድ ሳትጀምር እንድረስባት» አሉ። አሮጊቷን ቪትዜን አስነሣሁ።

የካዛንቺስን መንገድ በአንድ ትንፋሽ አለፍነው። አራት ኪሎ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ወላሂ፣ እንደዚያን ቀን መኪና ጠልቼ አላውቅም። ጋሽ አረጋዊ አንዴ ማርያምን፣ አንዴ ጊዮርጊስን ይጠራሉ፤ እኔም በበኩሌ ዱዓ አደርጋለሁ። «የፈጣሪ ያለህ፣ የሰው ልጅ ገደልኩ» ሲሉ «ዝም ይበሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ላይ ጮህኩ። ከፈራሁት ሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን ከሥራቸው ያዘናጋቸው ወረቀት የእኔ መሆኑ ነበር።

ፈረንሳይ ዳገቱ ላይ ደግሞ አንድ ጭነት መኪና መንገዱን ዘጋ። ጋሽ አረጋዊ በሩን ከፍተው ወረዱና በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሽቅብ መሮጥ ጀመሩ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ተከተልኳቸው። ኩርባው ጋ ስንደርስ ብርነሽ ከላይ ብቅ አለች፤ ትበራለች።

መንገዱ መሀል ገብተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ወዲያው መልሰው አወረዱት። ቁሚ ካሏት ፍሬን መያዟ ነው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

«የኋላውን!» ብለው ጮኹ። «የኋላውን ብቻ! የፊቱን እንዳትነኪ!»

ምን፣ ለምን አላለችም። እንደ ልጅነቷ ታዘዘቻቸው። የኋላው ጎማ እየተንሸራተተ፣ በጫማዋ አስፋልቱን እየፋቀች አጠገባችን አልፋ ወረደችና ከቦዩ አፋፍ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ጋሽ አረጋዊ ተንበርክከው ብሎኑን በጣታቸው ያዙት። ያለ መፍቻ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ «መንገዱ አላልቶት ነው ይበሏት» አልኳቸው። ማን ያውቅባቸው ነበር?

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «አጭሩን መልሼ አሰርኩብሽ። ያንቺዎቹ ፌስታልሽ ውስጥ ናቸው።»

እኔም «ያዘናጋኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ፤ የሰማችኝ አይመስለኝም። ፌስታሉን ፈትታ ሁለቱን አዳዲስ ብሎኖች መዳፏ ላይ አደረገች። እሳቸው ሊያስሩላት እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቶቿን ጨበጠች።

«መፍቻውን ይስጡኝ።»

ራሷ አሰረች። እስከ መጨረሻው አጠበቀች፤ ጎትታ፣ ገፍታ ሞከረች። «እናቴ ከኔ ሌላ ማንም የላትም» አለቻቸው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ሳይክሏን እየገፋች በእግሯ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው ገብታ አታውቅም። በማዶው የሳይክል መንገድ ታልፋለች፤ አንገቷን ወደኛ አታዞርም። ጋሽ አረጋዊ ግን ስታልፍ ሥራቸውን ያቆማሉ።

ባለፈው ሰኞ ስታልፍ ፍሬኗ ሲጢጥ አለ። ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ብረት በብረት ነው የሚፈጨው። ንገሪያት፣ ጀሚላ፤ እኔ እንዳልኩ ግን አትንገሪያት።»

ደወልኩላት። «ፍሬንሽ ሲጮህ ሰማሁ፤ ለመካኒክ አሳዪው» አልኳት። እሺ ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት በራፉ ላይ ቆመው ጠበቋት። ማዶ መብራቱ ጋ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች። ምንም ድምፅ የለም።

«ቀይራዋለች» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገቡና በዘይት በተጨማለቀ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።