የጋዋኑ የውስጥ ኪስ

ታላቅ ወንድሜ በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቷል። ተማሪዎቹ «ማይክሮን» ይሉታል፤ ፀጉር የማታህል ስህተት እንቅልፍ ስለምትነሳው ነው። ነጭ ጋዋኑን የምሰፋለት እኔ ነኝ። በግራ በኩል፣ ከውስጥ፣ ሌላ ጋዋን ላይ የማይገኝ ኪስ አለው። ልኩ የሰማያዊ ደብተሩ ልክ ነው።

ደብተሩ ላይ የየመሣሪያው አመል ተጽፏል። አራተኛው ሚዛን ጠዋት ጠዋት ጥቂት ያጎድላል፤ በሩ አጠገብ ያለው ቴርሞሜትር ሰው ሲበዛ ይዋሻል። ከመምህራኑ ማንም አዲስ ምርምር ሲጀምር አስቀድሞ ማይክሮን ዘንድ ሄዶ «ምን ልጠንቀቅ?» ማለት የክፍሉ ልማድ ነበር። ኃላፊው ፕሮፌሰር እንኳ ይጠይቁታል። ወንድሜ ዲግሪ የለውም። ያቺ ጥያቄ ግን ዲግሪው ነበረች።

አምና አንዲት ወጣት ዶክተር ተቀጠረች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችው፤ ከዚያ የመሬትን ማግኔት የሚለካውን መሣሪያ ራሷ ተሸክማ ወደ ጀርባው ክፍል ወሰደች፣ ብሎኖቹን አጥብቃ ሥራ ጀመረች። ምንም አልጠየቀችውም።

«ዕቃውን እንደ ልጇ አቅፋ ገባች» አለኝ በዚያን ቀን ምሳ ላይ። ምግቡን አልነካውም።

ከዚያ ወዲያ ሆዱ ሻከረባት። ፕሮፌሰሩ በእረፍት ሰዓት ሻይ የሚጠጡት ከእሱ ጋር ነበር፤ አሁን በእሱ ወንበር እሷ ተቀመጠች። ስንት ጊዜ እንደሳቀች፣ ፕሮፌሰሩ ስንቴ «ጎበዝ» እንዳሏት ቆጥሮ ይነግረኛል። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ማግኔቱን ትተህ እሷን መለካት ጀመርክ» ስለው አኮረፈኝ።

አንድ ቀን ግን በደንብ በላ፤ ጨምሪልኝም አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። የዶክተሯ መሣሪያ የሚያወጣው መስመር በየሥራ ቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍ ይልና ለምሳ ሰዓት ሲቃረብ ይወርዳል አለኝ። እሷ ይህን ያመጣችው ፀሐይ ናት ብላ ጽፋለች። ማክሰኞ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ታቀርበዋለች፤ ከዚያ ወደ ምርምር መጽሔት ትልከዋለች።

«ፀሐይ አይደለችም» አለኝ ጨው እየነሰነሰ። «የፕሮፌሰሩ መኪና ናት።»

ፕሮፌሰሩ ጠዋት ሲገቡ መኪናቸውን ከዚያ ክፍል ግድግዳ ሥር ያቆማሉ፤ አስተምረው ሲጨርሱ ይዘዋት ይወጣሉ። የመኪናዋ ብረት መሣሪያውን ያሳስተዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ካልነገራትስ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይደርስበታል፣ ያን ጊዜ ስሟ ይበላሻል አለ። ምን አድርጋህ ነው ስለው፣

«አልጠየቀችኝም» አለ።

እኔ ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ማክሰኞ ጠዋት ጋዋኑን ተኩሼ ስሰጠው ደብተሩን ኪሱ ውስጥ አልመለስኩትም። ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገልጬ ሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ደብተሩን ይዞ ወጣ።

የቀረውን የነገረኝ ራሱ ነው። ፕሮፌሰሩን «ቁልፉን ይስጡኝ፣ መኪናዋን ጥላ ሥር ላቁምልዎ» ብሎ ወስዶ ከሕንፃው ማዶ አቆማት። ሲመለስ ዶክተሯ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች።

«ጋሼ፣ መስመሩ ወረደ።»

«መኪናዋን አንስቼ ነው» አላት።

ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

በመንገድ ላይ «እርግጠኛ አልነበርኩም» ሊላት አዘጋጅቶ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ቀንቼ ነው።»

ስብሰባው ላይ ቆማ ውጤቴ ስህተት ነው፣ ፀሐይ ያልኩት መኪና ነው አለች። መምህራኑ ሳቁ፤ ከሁሉ ያነሰ የሳቁት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሦስት ሳምንት መዘግየቱን ለማንም አልተናገረችም። ወንድሜን ግን አንድ ወር ያህል በአንገቷ ብቻ ሰላም እያለችው ታልፍ ነበር። እሱም ምሳውን መልሶ ተወው።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ አዲሱን ፓምፕ ልከፍተው ነው። ምን ልጠንቀቅ?»

ይኸው ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ እሷ ናት። ምን እንደጠየቀች፣ እንዴት ቶሎ እንደገባት፣ እስክሪብቶዋ ጣቷን እንዴት እንዳቆሸሸው ሳይቀር። ሃያ ስድስት ዓመት የመሣሪያዎቹን አመል ቁጭ ብዬ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። አሁን እኔ ምን እየሰፋሁ እንደሆነ እንኳ አይጠይቀኝም።

ባለፈው ዓርብ አንድ አዲስ ጋዋን ይዞ መጣ። የእሷ ነው።

«እሷም ደብተር ጀምራለች» አለኝ። «እንደ እኔው የውስጥ ኪስ አውጪላት።»

አወጣሁላት። ክሩን ነጭ በነጭ አድርጌ፣ ጥግና ጥጉን ደግሜ ሰፋሁት። ከወንድሜ ኪስ ግን በአንድ ጣት አሳነስኩት።