«ባሕር ገብተው ነበር?»

በጤና ቢሮው የበሽታ ቅኝት ክፍል የሚሠራውን ሰውዬ ዘመድ አዝማዱ «አትብሉ» እያለ ይጠራዋል። ሥራው ከባሕር ውኃና ከባሕር ምግብ በሚመጣ ባክቴሪያ የታመሙ ሰዎች ዘንድ እየደወለ ማጣራት ነው፦ ምን በሉ? ጥሬ ነበር? ቁስል ይዘው ባሕር ገብተዋል? ከመልሱ ተነሥቶ በሽታው ከየትኛው ዓሣ ሻጭ ወይም ከየትኛው ዳርቻ እንደመጣ ይደርስበታል።

ችግሩ ሥራውን ቢሮ ትቶት አይመጣም። ግብዣ ላይ ሽሪምፕ ካየ «በደንብ በስሏል?» ሳይል አይቀመጥም። አማቱማ እሱ ሲመጣ እንቁላል ብቻ መቀቀል ከጀመሩ ቆይተዋል።

አንድ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት ነበር። «ቁስል ያለው ሰው ውኃ እንዳይነካ!» ብሎ ሁሉንም አስጠንቅቆ ሳይጨርስ ነፋስ ኮፍያውን ነጥቆ ማዕበል ላይ ጣለበት። ዘሎ ገባ። ኮፍያውን ይዞ ሲወጣ አረማመዱ መርከብ ያዳነ ሰው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ተረከዙ ቀልቶ አበጠ።

«ትንኝ ነው» አላት ሚስቱን።

«ካልሲህን አውልቃ ነው የነከሰችህ?» ብላ እየጎተተች ሆስፒታል አስገባችው። ሐኪሙ «እንኳን አመጣሽው፤ ይኼ የሚዘገዩበት አይደለም» አላት።

የምርመራው ውጤት የባሕር ባክቴሪያ መሆኑን አሳይቶ ጤና ቢሮው ሲደርስ፣ ሥራ ላይ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ባልደረባው ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው። ባሕር ገብተው ነበር?»

«ባሕር? እኔ? ኧረ በጭራሽ!»

አፉ ቀደመው። እንዲህ ብሎ የካደውን ስንቱን በሽተኛ «ይኼ ደግሞ ቀጣፊ ነው» ብሎ አምቷል!

አልጋው አጠገብ የተቀመጡት አማቱ ወደ ስልኩ ተንጠራሩ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! ገብቷል፣ ልጄ! ለኮፍያ ብሎ፣ እስከ ጉልበቱ!»

ባልደረባው ሳቋን ዋጠች። «ቁስል ይዞ ባሕር መግባት አደገኛ መሆኑን ከዚህ በፊት ሰምተው ያውቃሉ?»

ጥያቄውን የጻፈው ራሱ ነው። እንደ ልጅ ይንከተከት ጀመር።

«ሰምቷል፣ ግን ልብ አላለም ብለሽ ጻፊ» አላት።

ከዚያው ዳርቻ ሌሎች ሰዎችም ታመው ስለነበር፣ የሱ መልስ ተጨምሮበት ዳርቻው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተከለ። እሱም ድኖ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አሁን አንዱ «ባሕር? እኔ?» ሲለው አይቆጣም።

«እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነው ያልኩት» ይላል፤ ከዚያ እውነቱ እስኪመጣ ይጠብቃል።