ሚስ ታትልን ከመስመር ያስወጣችው ዶርካስ

ዶርካስ ዊቸር ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ተቆጣጣሪ ነበረች፤ እኔም አጠገቧ እሠራ ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1967 ነው። ያኔ ኮምፒውተር የየሰው አልነበረም። አንዱን ትልቅ ማሽን ሠላሳ ሰው፣ በሠላሳ የስልክ መስመር፣ ካለበት ሆኖ ይጠቀምበታል። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ለቅጽበት ያህል እየሠራ ወደ ቀጣዩ ስለሚያልፍ ሁሉም የብቻው ይመስለው ነበር። ሠላሳ አንደኛው ግን ቦታ የለውም።

በየካቲት ወር በአንዱ ረፋድ ፕሮፌሰር ላንግሌ ደወሉ። ማሽኑን የሚያሳዩአቸው እንግዶች ይዘዋል።

«ዶርካስ፣ መስመር ስጪኝ።»

«ሞልቷል፣ ፕሮፌሰር።»

«አንዱን አስወጪዋ። የሚያንቀላፋ አይጠፋም።»

ስትመለከት ከኮሌጁ ወዲያ ሸለቆ ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት የገባ አንድ ሰው በደቂቃ አንድ ቁጥር ቢጽፍ ነው። «ይሄማ ወሬ ይዟል» ብላ ቆረጠችው። መስመር ሲቆረጥ ያልተቀመጠ ሥራ ስለሚጠፋ «ሥራዎን ያስቀምጡ» የሚል መልእክት አስቀድማ መላክ ትችል ነበር። አልላከችም።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ሚስ አልቪና ታትል ነበሩ፤ ከዚያው ትምህርት ቤት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት አጣሟቸው በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። በሠላሳ ክረምት የለኩትን የበረዶ መጠን ከደብተሮቻቸው እያዩ ከማለዳ ጀምረው ሲያስገቡ ነበር።

«ልጄ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። ምን ነክቼ ይሆን?»

«ምናልባት ያልሆነ ቁልፍ ነክተው ይሆናል» አለች ዶርካስ።

«ጠርጥሬያለሁ። እነዚህ እጆቼ ናቸው። ሥራ አስፈታሁሽ፣ ይቅርታ።»

ዶርካስ ስልኩን ዘጋች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

«ለምን እውነቱን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«አፌ ቀደመኝ። ደግሞ እሳቸው ናቸው ይቅርታ የጠየቁኝ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የገቡትን ሰዎች ዝርዝር ታያለች፤ የሚስ ታትል ስም የለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ «ውሰደኝ» አለችኝና ቤታቸው ሄድን። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተናገረች።

«ሚስ ታትል፣ እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ቀስ ስለሚሉ መረጥኩዎት፤ ከዚያም ዋሸሁዎት።»

ሚስ ታትል የተጣመሙ ጣቶቻቸውን አዩ።

«መቁረጡስ ሥራሽ ነው። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ስረግም ከረምኩ።»

«ደብተሮቹን ይስጡኝ፤ እኔ ላስገባልዎት።»

«አይሆንም። እኔው አስገባዋለሁ።»

ሰኞ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዶርካስ ማንንም ሳታስጠነቅቅ አልቆረጠችም፤ ፕሮፌሰር ላንግሌንም «ይጠብቁ» ማለት ለመደች።

በግንቦት ሚስ ታትል ደወሉ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሥራው ማለቁን በደስታ ነገሩኝ።

«ዶርካስ እዚህ አለች፤ ላገናኝዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «ሌላ ጊዜ» አሉ።

ዶርካስ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ፊቴን ታየኝ ነበር። ምን እንዳሉ አልጠየቀችኝም።